እግራቸውን የታመሙ ሰዎች

በልጅነቴ በመንደራችን እግሩን የታመመ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ባሏ እግሩን ነው ይባላል። የመሪጌታው ሚስት እግሯን ነው። ከወንዙ አጠገብ የሚኖሩት ወንድማማቾች እናታቸው በእግር ሕመም ከቤት ከዋሉ ዓመታት አልፈዋል። የእኛም ቤት አልቀረለትም፤ እናቴ እግሯን ነበር። ሰው ሲጠይቅ «እግሯን ነው» እንላለን፣ ጠያቂው «እግዜር ይማርልን» ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። የትኛው እግር ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሲያነክስ አላየሁም። አብዛኞቹን ጭራሽ አላየኋቸውም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለሁ የሰማሁት አንድ ትምህርት ነው። መምህራችን በአንድ አገር ሕዝብ መካከል የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሚገኝ ሲያስረዱን፣ በሌላው ዓለም ብዙ ነው፣ እንደ እኛ ባለ የገበሬ አገር ግን ጥቂት ነው አሉ። ማስረጃቸው ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው ሰው ማነሱ ነበር። ተማሪው ሁሉ ጻፈ፤ እኔም ጻፍኩ። እጄን ለማንሣት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ደወሉ ተደወለ፣ ወጣን። ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያን ቀን ያላልኩትን አሁን ልበል።

የልጅነቴ ዘመን የጠላት ዘመን ነበር። መንደራችን ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ትርቃለች፤ ደጋው አልቆ ወደ ሸለቆው ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ናት። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ መሽጎ ተቀምጧል። አንዳንድ ቀን ወጥቶ ያገኘውን መንደር ያቃጥልና ተመልሶ ይገባል። አባቴ ጫካ ገብቷል። ቤት የቀረነው አያቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እኅቴና እኔ ነበርን።

እናቴ መታመም የጀመረችው አባቴ በወጣ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ከዚያ በሩ መቀርቀሩን አንዴ አይታ፣ ተመልሳ ታያለች፣ ከተቀመጠች በኋላ እንደገና ተነሥታ ታያለች። ዶሮ ከቆጥ ሲወርድ ክንፉን ቢያራግብ ትደነግጣለች። እየቆየች መብላት ተወች፣ መናገርም ተወች። ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ከእኔ በቀር ሰው ሲነካት ትንቀጠቀጣለች። በወር በወሩ ከማትቀርበት ማኅበር ስትቀር ሴቶቹ ጠየቁ፤ አያቴም ሳታስብ አልቀረችም፣ «እግሯን ነው» አለቻቸው።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። የምትፈራው ለእኅቴ ነበር። እኅቴ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ከሸለቆው አፋፍ ወዲያ ካለው መንደር ለአንድ ልጅ ታጭታለች። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሁለት ነገር ይጣራል። አንደኛው ዝምድና ነው፤ እሱ ሽማግሌ ባለበት፣ በአደባባይ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሁለተኛው «ከዘሯ ያበደ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ይህኛው በአደባባይ አይነሣም። ሴቶች በቁይ ገበያ በርበሬ ሲመርጡ፣ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ ይጠያየቁታል። አለ ከተባለ ማንም መጥቶ ጋብቻው ፈርሷል አይልም። ሽማግሌው መምጣት ያቆማል፤ በቃ። ልጅቱም ምክንያቱን ሳትሰማ ታረጃለች።

እንግዲህ የልጁ እናት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤታችን በመጣች ጊዜ አያቴ አንድ መላ ፈጠረች። እናቴን መደብ ላይ አስተኝታ ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጋቢ ሸፈነቻት። የሚታየው አንድ እግር ብቻ ሆነ። ያን እግር ቅጠል ቀብቶ በጨርቅ መጠቅለል የእኔ ሥራ ነበር፤ ሌላ ሰው ከነካት ተንቀጥቅጣ ታጋልጠናለች። እኔም ጠቀለልኩ። የልጁ እናት አየች፣ አዘነች፣ «እግዜር ይማርልን» ብላ ሄደች። አያቴ ያን ቀን አናቴን ሳመችኝ።

ሁለተኛ ጊዜ የመጣችው በኅዳር ነው፣ ለእኅቴ ያሠራችውን ቀሚስ ይዛ። በችኮላ ጠቀለልኩ። ሴትዮዋ ከመደቡ ግርጌ ተቀምጣ እግሩን አየችው። ቆይታ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያኔ ገባኝ፤ ፊተኛው የቀኝ እግር ነበር፣ አሁን የጠቀለልኩት የግራውን ነው። ሴትዮዋ ጠላዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት ሰው አልመጣም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። አያቴ ምን ነክቷቸው ነው እያለች ብቻዋን ታወራለች። እኅቴ ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር፤ ተወች። የእኅቴን ጋብቻ ያፈረስኩት እኔ እንደሆንኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አልተናገርኩም። ያኔም ዓይነ አፋር ነበርኩ፤ ግን ያ ዝምታ ዓይነ አፋርነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት፣ ገብስ ሲወቃ፣ ከጉብታው ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ጠላት መጣ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሦስት መንደር ሰው ሸለቆ ወርዶ አንድ ዋሻ ይገባል። የእጮኛው መንደርም የሚገባው እዚያው ነው። አያቴ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ ቆመች። የምታስበው ገብቶን ነበር። ለእናቴ ውሃና ዳቦ አስቀምጠን በሩን ከውጭ እንዝጋው፣ የተዘጋ ቤት አይፈትሹም፣ የእጮኛው ሰዎች እሷን በዚህ ሁኔታ ካዩዋት አለቀ አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

እኅቴ ለአያቴ መልሳ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን የራሷን መቀነት ፈታች፣ አንዱን ጫፍ በእናቴ ወገብ እንዳስር ለእኔ ሰጠች፣ አንዱን በራሷ ወገብ አሰረች።

«እናቴን አስቃጥዬ የማገባው ባል ይቅርብኝ» አለች።

አያቴ ጥቂት አየቻት። ከዚያ ዘንጓን አነሣችና ከፊት ከፊት ሄደች።

እናቴ ከአጥር ከወጣች ሁለት መኸር አልፎ ነበር። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት፤ ቆመች፣ ከዚያ ሄደች። ቁልቁለቱ ላይ እኔ በግራ ደገፍኳት፣ እኅቴ መቀነቱን ይዛ በቀኝ ሄደች፤ ግን መደገፉ ብዙም አላስፈለጋትም። በዚያ ጠባብ መንገድ ነበር ያን ሁሉ ያየሁት። የጎረቤታችን ባል አንድ ስልቻ ገብስ ተሸክሞ፣ ጥጃ እየነዳ ይወርዳል። ሲያየን ፊቱን በኩታው ሸፈነ። የመሪጌታው ሚስት ባሏን ከኋላ ጥላ እንደ ሚዳቋ እየዘለለች አለፈችን። የወንድማማቾቹ እናት ልጆቻቸው እንያዝዎ ሲሏቸው እጃቸውን እየመነጨቁ በገዛ እግራቸው ይሄዳሉ። እኔ የማየው እግር እግራቸውን ነበር።

«እግራቸው ደህና ነው እኮ» አልኳት ለእኅቴ፣ በጆሮዋ።

ዝም በይ አለችኝ። ግን ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ሳቋን ለመያዝ።

ዋሻው ሰፊ ነው፣ ግን ለሦስት መንደር አይበቃም። እያንዳንዱ ቤት ጥግ ጥጉን ይዞ የራሱን ሰው ከግድግዳው ጋር አስቀመጠ፣ በጋቢ ሸፈነ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊቱ ተቀመጠ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ የተሸፈኑትን መቁጠር ጀመርኩ። የእጄ ጣቶች አለቁ። ወደ እግሬ ጣቶች ወረድኩ።

የእጮኛው ቤተሰብ የገባው በመጨረሻ ነው። እናቲቱ በአንድ ወገን፣ እጮኛው በሌላው ወገን ሆነው አንድ ጋቢ የተከናነበ ሰው መካከላቸው አድርገው ይዘዋል። ታላቅ ወንድሙ ነበር። ስለ እሱ የሰማነው ዲማ ገዳም መጻሕፍት እየተማረ እንደሆነና እግሩን ስለሚያመው አገሩ መመላለስ እንዳልቻለ ነው። ቦታ ስለጠፋ ከእኛ አጠገብ ተቀመጡ። አያቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሴትዮዋም ወደ ሌላው ዞረች።

አውሮፕላኑ የመጣው ያኔ ነው። ድምፁ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ተጠራቀመ። ከላይ፣ ከደጋው ላይ፣ ቦምብ ወደቀ፤ አፈር ከጣራው ረገፈ። ሕፃን አለቀሰ፣ ትልልቅ ሰው ጮኸ። የእጮኛው እናት በጉልበቷ ወደቀች፤ ትንፋሿ እየተቆረጠ ትንቀጠቀጣለች። ታላቅ ልጇ ተነሥቶ ቆመና ዳዊቱን ከፍ ባለ ድምፅ ይደግም ጀመር። ከወዲያ በኩል አፉን ያዙት፣ ያስፈጀናል የሚል ሰማሁ።

እናቴ ተነሣች። መቀነቱ ከእኅቴ ጋር ስላያያዛት እኅቴንም ይዛ ተነሣች። በእናትና በልጁ መካከል ገብታ ተቀመጠች፣ አንድ እጇን በሴትዮዋ ጀርባ ላይ አደረገች፣ በሌላው የልጁን እጅ ያዘች። ሰው ሁሉ እንደ ልጅ ሲንቀጠቀጥ የእሷ እጅ አይንቀጠቀጥም ነበር። አሁን ሳስበው አይገርመኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በሩን እያየች ይህንኑ ስትጠብቅ ኖራለች። ሲመጣ አዲስ አልሆነባትም።

«ወደ ውጭ ይተንፍሱ» አለቻት። «ወደ ውጭ ብቻ። መግባቱን እሱ ራሱ ያውቃል።»

ከአንድ ዓመት በላይ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ዝግ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ። ሴትዮዋ ወደ ውጭ ተነፈሰች። ልጁ እጁን አልመነጨቀም። እናቴ ዳዊቱን አብራው በለሆሳስ ስትል እሱም ድምፁን ወደ እሷ ዝቅ አደረገ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አውሮፕላኑ እስኪርቅ ደገሙ።

ጸጥ ሲል ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ማን እንደያዛት አየች። ከዚያ ወደታች አየች። የእናቴ ሁለት እግሮች ባዶአቸውን፣ አቧራ ለብሰው፣ ጨርቅም ቅጠልም የሌለባቸው፣ ተዘርግተዋል።

«የቀኙ ነበር ወይስ የግራው?» አለች።

እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አያቴ ግን ከግድግዳው ዞረች።

«የእርስዎስ ልጅ የትኛው እግሩ ነው? ዲማ ነው ሲሉን አልነበር?»

ሁለቱ ተያዩ። ከዋሻው ጥግ አንድ ሳቅ ተሰማ፤ የብዙዎቻችን ንስሐ አባት የሆኑት ቄስ፣ ታቦቱን አክብረው ይዘው የወረዱት፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ዕንባቸው እየፈሰሰ ነበር። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«ይቅር በሉኝ» አሉ። «የንስሐ ምስጢር ሆኖብኝ ብቻዬን ይዤው ኖርኩ። ጸበል ልረጭ ቤት ለቤት ስዞር ሁላችሁም በሩን ዘግታችሁ አንድ ነገር ነው የምትነግሩኝ። ‹አባ፣ በእኛ ቤት ብቻ የመጣ መዓት› ትሉኛላችሁ። ከዚያ ወጥቼ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ፤ እዚያም ‹በእኛ ብቻ› ነው።»

የእጮኛው አጎት፣ ክብሩን የሚወድ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩ በሁለቱም ወገን ካለ ጋብቻው ቢቀር አይከፋም አለ። እኅቴ መሬት መሬት ታያለች። መቀነቱ አሁንም ከእናቴ ጋር አስሯታል።

«መልካም» አሉ አባ። «እንግዲያው ሦስት መንደር እዚሁ ተሰብስቦልሃል። እግሩን የታመመ የሌለበት ቤት አለኝ የሚል ይነሣ። ለዚያ ቤት ልጅ እኔ ራሴ ሽማግሌ እሆናለሁ።»

ጠበቅን። የጎረቤታችን ባል ኩታውን ከፊቱ አወረደ፣ ግን አልተነሣም። አጎትዬውም ከአጠገቡ ወደተሸፈነችው ሚስቱ አንዴ አይቶ አንገቱን ደፋ። ማንም አልተነሣም። በመጨረሻ የመሪጌታው ሚስት በሙቀት መሞቴ ነው ብላ ጋቢውን ከላይዋ ገፍፋ ጣለችው። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ከየጥጉ ጋቢው ይገለጥ ጀመር። ፊቶች ወጡ፣ የገረጡ፣ ፀሐይ ያላዩ ፊቶች፤ አንዳንዶቹን ከተወለድኩ ጀምሮ ጎረቤት ሆነው የማላውቃቸው። ሰዎች እርስ በርሳቸው ደህና ዋላችሁ ይባባሉ ጀመር፣ እንደ ገበያ ቀን።

እኔ የዚያን ጊዜ ድፍረት መጣልኝ። እግሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ፣ ለማን እንዳልኩ ሳላውቅ። የእጮኛው እናት ወደ እሷ ሳበችኝ። ያን ቀን እቤቷ ስትገባ አልቅሳ እንደነበር ነገረችኝ፤ ያስለቀሳት ግን ንዴት አልነበረም። ከልጇ በቀር በአገሩ ሌላ ያለ አይመስላትም ነበር። የተሳሳተውን እግር ስታይ ሌላም ቤት እንዳለ ገባት። ሽማግሌ ሳትልክ የቆየችው ስለ ልጇ እንዴት አድርጋ እንደምትነግረን መላ አጥታ ኖሯል።

በዋሻው ሦስት ቀን ተቀመጥን። የቆጠርኩትን ቁጥር እዚህ አልጽፍም። የአንድ ዋሻ ቁጥር የአገር ቁጥር አይሆንም፤ ይህን ኮሌጅ ተምሬያለሁ፣ መምህሬም ይህንኑ ቢሉኝ ልክ ናቸው። ግን በደጅ ቆሞ «የታመመ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ የሚሰጠው መልስ እግር መሆኑን አውቃለሁ። ሐኪም ቤት የደረሰውን ቆጥሮ የቀረው ደህና ነው ማለት የሚቻለው ጓዳው የታየ እንደሆነ ነው። የእኛን ጓዳ ያስከፈተው ጥናት አልነበረም። አውሮፕላን ነበር።

ስንመለስ ቤታችን ተቃጥሏል። ጓዳውም አብሮ ሄዷል፤ እናቴ የምትገባበት ጨለማ አልነበረም። አያቴ ይህን አይታ ትንሽ ቆየችና ግድግዳው ሲሠራ ጓዳው ሰፊ መስኮት ይኑረው አለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ጸበሉ መሄድም ተለወጠ። ድሮ እያንዳንዱ ቤት ሰው እንዳያገኘው የየራሱን ሰዓት ጠብቆ ነበር የሚወርደው። አሁን በአንድነት፣ እያወሩ፣ ስንቅ ይዘው ይወርዱ ጀመር። የእናቴ ሕመም ድኖ ጠፋ አልልም። ክረምቱ ሲከብድ ይመለስባት ነበር፤ ዛሬም አንዳንዴ ይመለስባታል። ልዩነቱ፣ ሲመለስባት ሰው አጠገቧ ይቀመጣል። ከሁሉ አብልጣ የምትመጣው የእጮኛው እናት ነበረች።

ያ መኸር ባለፈ በወራት ውስጥ ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። አባቴ ጸጉሩን እንደ አንበሳ አጎፍሮ፣ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ መጣ፤ እናቴን በፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አገኛት። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከተቃጠለው ቤት ፊት ለፊት ዳስ ተጣለ፤ የሦስቱ መንደር ሰው መጣ። የእጮኛው ታላቅ ወንድም ከካህናቱ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ ሳይሸፈን። ምርቃቱ ላይ ዳዊቱን ጀምሮ ቢያስረዝመው አባ በክርናቸው ነካ አደረጉት፤ እሱም ሳቀ፣ ዳሱም ሳቀ።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ከበሮው ሲሞቅ የእጮኛው እናት ወደ እሷ ዘወር አለችና ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እግርዎ እንዴት ነው ዛሬ? የትኛውን ነበር?»

አያቴ ጽዋዋን አስቀመጠች። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች፣ ሁለቱንም እግሮቿን ተራ በተራ ዘርግታ አየቻቸው፣ እንደሚመርጥ ሰው።

«እግሬማ መቼ ታሞ ያውቃል» አለች።

ተነሣችም። በሁለቱም እግሮቿ ቆማ እልል አለች፤ እልልታዋን ከአፋፉ ወዲያ ያለው መንደር ይሰማዋል ብዬ አሰብኩ። እኅቴ ከሙሽራው ጎን ሆና ቀና አለች። የመሪጌታው ሚስት ክበቡ ውስጥ ቀድማ ገባች፣ የጎረቤታችን ባል ተከተላት፣ የወንድማማቾቹ እናት ልጆቻቸውን ገፍተው መጡ። እናቴ ከበሮው ዘንድ ደርሳ እስክስታ መታች። ከዳሱ ማዶ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ የሚያየው ፊቷን ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከእግሯ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።